አርባ ሦስት በር

ባሕሩ በተራሮች መሃል ሾልኮ በገባበት፣ በፊዮርዱ ዳር፣
ተራራው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በየዓመቱ አንድ ጣት ይጨምር ጀመር።
የተናደ ዕለት፣ ፊዮርዱ ቆሞ ሲመጣ፣
ዐሥር ደቂቃ ነው ያለን፣ ከአልጋ ተነሥቶ ዳገት ለሚወጣ።

ከጣቢያው ሲደወል ቀድማ የምትሰማ አክስቴ ጉድሩን ነች።
በአንድ ደቂቃ አንድ ሰው ትጠራለች፤
የሰማው ሌላውን ይጠራል፣
አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል፤
በስድስት ደቂቃ መንደሩ እንዳለ ይሰማል፣
ሁሉም ሁሉን ካወቀ፣
ሁሉም ከሁሉ ከታረቀ።

የት አለና!
ኢንግቦርግ ስልክ ካነሣች፣ ስለ ወገቧ ሳታወራ
አትዘጋም፤ መጨረሻ ትሁን፣ ማንንም እንዳትጠራ።
የኦድቫርን ቁጥር ከፖስተኛው በቀር የሚያውቅ የለም።
ሲቨርትና አርንፊን፣ አንድ አጥር የለያቸው ወንድማማች፣
በአባታቸው ጀልባ ተኳርፈው
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት አለፋቸው።

ቤቱን ነጥብ፣ ትውውቁን መስመር አድርጌ
በርገን ወሰድኩት፣ ለመምህሬ።
«ማን ማንን ቢያስቀድም ነው የሚፈጥነው?»
ሥዕሉን አገላብጣ አየችው።
«ለትንሽ መንደር ተጨንቀህ ትደርስበት ይሆናል፤
መስመሩ ሲበዛ ግን ምርጫው እንደ ናዳ ይወርዳል፤
ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ፀሐይ ትጠፋለች፣ እሱ ገና ያሰላል።
አቋራጭ ያገኘ የለም።
አቋራጭ እንደሌለ ያረጋገጠም የለም።»

በግምት ሠራሁት፤ ደህና ነው፣
ምርጥ ነው ብዬ ግን የማልምልበት ዝርዝር፦
ዘጠኝ ደቂቃ። አርንፊን፣ የመጨረሻው በር።
አክስቴ መነጽሯን ገፋ አድርጋ አየችኝ፦
«አንዲት ደቂቃ ተውክለት? ጉልበቱን አታውቅም?»
መልስ አልነበረኝም።

በየካቲት፣ ሌሊት፣ ስልኩ ጮኸ።
ጥሪው በዝርዝሩ ወረደ፤ መንደሩ መብራት በመብራት ነቃ።
በአራተኛው ደቂቃ
ሲቨርት የታዘዘውን ጠርቶ፣ መነጋገሪያውን ሰቅሎ፣
በካልሲው በረዶውን ረግጦ፣ አጥሩን ዘሎ፣
የወንድሙን በር በቡጢ ደበደበ።
ያ መስመር እኔ ሥዕል ላይ አልነበረም።

ዳገቱ ላይ ስናያቸው አዝሎታል፤
አርንፊን ከጀርባው ሆኖ
ስለ ጀልባዋ ይከራከረዋል።

ተራራው አልወደቀም። ጥቂት ድንጋይ አንከባለለ፣
ዝም አለ።

በነጋታው አክስቴ እርሳስ ቀረጸች፤
ከሲቨርት ቤት ወደ አርንፊን ቤት፣ ፈራ ተባ እያለች፣
ቀጭን መስመር አሰመረች።
ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው፦
«በል፤ እንደ አዲስ አስላው።»