ዘጠና ሴንቲ

ሜትሬን ካንገቴ ላይ አውርጄ ለካሁት፣
በሁለት ግንብ መሃል የቀረውን ክፍተት፤
ዘጠና ሴንቲ ነው፣ ቢበዛ ቢተርፍ፣
ሰው ትከሻውን ሰብሮ በጎኑ የሚያልፍ።
አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ ሰኞ ገበያ ላይ፣
ጨርቅ ሲያንስ ወርዱን ትቼ ቁመቱን ነው የማይ።

ያባታችን ግቢ ለሁለት ሲገመስ፣
ችካል ስንነቅል፣ ችካል ስንመልስ፣
እኔ ግንብ አቆምኩኝ፣ ሙሄም ግንብ አቆመ፤
በመሃል ያ ሰርጥ ባለቤት አጥቶ ከረመ፤
ቆርኪና ፌስታል የሚጠራቀምበት፣
ድመት የምትወልድበት።

ሙሄ ሞተ። ግንቡ አልሞተም።
ሚስቱ ጦይባ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ፤
በኢድ ሰሃን ይመጣል፣ በፋሲካ ሰሃን ይመለሳል፣
ቃል ግን አይከተለውም።

ቦሩ ሜዳ ሄድኩኝ፣ ከችግኝ ጣቢያው ደጅ፤
«ዛፍ አለ ወይ ይማም፣ ቦታ የማይፈጅ?»
ይማም ሳቀብኝና አንድ ችግኝ አወጣ፤
«የፈረንጅ ጽድ ነው፣ ከየት እንደመጣ
እኔም አላውቀውም። ግን አብሽር፣ አይሰፋም፤
ቁመቱን ይስባል እንጂ ጎረቤት አይገፋም።
ጉድጓዱን አጥልቀው፣ ፍግ ካመድ አልብሰው፤
የሳሙና እጣቢ እንዳታጠጣው አደራ፣ እንደ ሰው
ሆዱን ይታመማል።
ደሞ አንድ ነገር፦ ሁለት ጫፍ ካወጣ
አንዱን ቁረጥ፣ አትራራ፤ የጦሳ ነፋስ ሲመጣ
ከመሃል ይሰነጥቀዋል።»

ሐምሌ ሲገባ ተከልኩት፣ በጎኔ ገብቼ፣
ዶማ ስለማይወናጨፍ በማንኪያ ጭሬ፣ በጣሳ አውጥቼ።
ከግንቡ በላይ ድምፅ መጣ፦ «ሥሩ ግንቤን ቢንድስ?»
በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ቃል፤ እሷም ጥያቄ፣ እሷም ክስ።
«ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ እንደ ቁመቱ» አልኳት፣
እውነት ይሁን ውሸት ሳላውቅ፣ ብቻ ዝም እንዳልላት።

ባንደኛው ዓመት ወገቤን፣ በሁለተኛው ግንቡን አከለ፤
በሦስተኛው ግን ጫፉ ለሁለት ተከፈለ፤
አንዱ ወደ ጦይባ ጣራ፣ አንዱ ወደኔ አዘነበለ፣
ነፋስ ከጦሳ ሲወርድ እርስ በርሱ ሲጋጭ ዋለ።

መሰላል አቆምኩ። መቀስ ያዝኩ።
የትኛውን?
የሷ ወገን ያለው ወፍራም ነው፣ ጤነኛ፤
የኔ ወገን ያለው ቀጭን፣ ወልጋዳ፣ ግን የኔ።
በዕድሜዬ ስንት ጣቃ ቆርጫለሁ፣ እጄ ሳይርድ፤
ያን ቀን መቀሱን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ፣ ሲመሽ፣ ሲበርድ።

ጠዋት ብወጣ ሁለቱ ጫፎች ባንድ ታስረዋል፤
ቡናማ ጨርቅ፣ ሦስት ጣት ወርድ፣ ከካፖርት የተቀደደ ይመስላል።
መሰላሉን ወጣሁና ጠርዙን ገለበጥኩት፤
ስፌቱ የኔው ነበር፣ ባይኔ ሳይሆን በጣቴ ለየሁት።
ለሙሄ ሠርግ ያደረስኩት፣ ከግንቡ በፊት፣
ሊከፍለኝ ሲል ተቆጥቼ፣ በፋኖስ፣ እኩለ ሌሊት።

ቋጠሮዋ አልጠበቀም፣ ጣት ያስገባል፤
ግንድ ሲወፍር ማሰሪያ እንደሚያንቀው
ማን እንደነገራት እግዜር ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ሲወጣ በተራ ነው፤
አንድ ዓመት እሷ ታላላዋለች፣ አንድ ዓመት እኔ።
ስለ ግንቡ አናወራም።
ቅጠሉ ቢጫ አለ ትለኛለች፣
ውሃ በዝቶበት ነው እላታለሁ፤
አልበዛበትም ትለኛለች።

ዛሬ የሁለታችንንም ቆርቆሮ አልፏል።
ጠዋት ጠዋት ጥላው ጣራውን ዘሎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ
ባጃጅ የሚጠብቁ ተማሪዎች ላይ እንደ ሜትር ይዘረጋል፤
አንዷ ልጅ፣ ፀሐይ ፊቷን እንዳይነካት፣
በዚያች ቀጭን ጥላ ውስጥ በጎኗ ትቆማለች።

ይማም ባለፈው ሲያልፍ አይቶ «አልቆረጥከውም?» አለኝ።
«ጨርቅ ተርፎን ነበር» አልኩት።

ዘንድሮ ማላላቱ የጦይባ ተራ ነው።
መሰላሉን ግንቡ ላይ፣ በሷ በኩል፣
አስደግፌላታለሁ።