ብብቱን ልቀቂልኝ

ሸዋ በር ነው ሱቄ፣ ከዳገቱ ሥር፤
አንድ አሮጌ ሲንጀር፣ አንድ የጣውላ ወንበር፣
ሜትር ባንገቴ ላይ፣ መርፌ በከንፈሬ ዳር።
ሃያ ዓመት የሴት ልክ በእርሳስ ስጽፍ ኖርኩ፤
ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ… ስንት ደብተር ጨረስኩ።

ረቡዕ ዕለት መጣች፣ ጦይባ ይመር፣ ከኩታበር፤
ጉሙ ጦሳን ውጦት፣ ሻሿ ርሶ ነበር።
«ጨርቁ ከባቲ ነው፤ ለልጄ ኒካህ የምለብሰው፤
ያምናውን ልክ ያዢ፣ ሰውነቴ ያው ነው።
ብቻ…» አለች፣ ዓይኗን ወደ በሩ ጥላ፣
«የግራውን ብብት ልቀቂልኝ፤ ይጠብበኛል ኋላ።»

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሲወፍር አውቃለሁ፣ ሲከሳም አውቃለሁ፤
ባንድ ጎኑ ብቻ የወፈረ ግን የት አያለሁ?

ከደረቷ መሃል ለካሁ፤ ቀኙ እንደ ደብተሬ፤
ግራው ሁለት ጣት አለፈ። ደገምኩ፣ የተሳሳተ መስሎኝ ሜትሬ።

«ያምሻል?»
          «ምኑ ያማል! ቢያመኝማ እጮህ ነበር።
በዐረፋ ሰሞን ሽምብራ ታክላለች፣ ገና ስትጀምር፤
አሁን ባቄላ ሆናለች። ብገፋት አትሄድ፣ ብጫናት አትሰበር።
ለማን ልንገር? ለባሌ? ወይስ ለሙሽራዋ?
ሠርጉ ይለፍ ብዬ ነው። ይለፍላት ደስታዋ።»

ሠርጉ ይለፍ።
እኔም ብዬ ነበር፦ ጾሙ ይፈታና፣ አዝመራው ይግባ፣
የልጁ ፈተና ይለቅ፣ የእህቴ ተዝካር ይውጣ፣ ከዚያ…
ሁሉም በየተራው አለፈ። እሷ ብቻ ተረፈች፣ ቤት ሠርታ ልትገባ።

የወሎን ሴት ጡት ያልገጠመለት ማን አለ?
ሎሚ ነው ተባለ፣ እንኮይ ነው ተባለ፤
ሠርግ ቤት ተጨበጨበ፣ አዝማሪው ተሸለመ፤
ከዚያ ሁሉ ገጣሚ ግን አንድ ሰው አልቆመ፣
«የወር አበባሽ ሲያልፍ በሦስት ጣትሽ ዳብሺው፣
ለኔ ዓይን አይደለም፣ ላንቺ ነው፣ እወቂው» ያለ።

በሩን ዘጋሁ። የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፣ አንድ ባንድ።
«ይኸው» አልኳት። ግራዬ ሜዳ ነው፤ ጠባሳው እንደዚያ መንገድ፣
ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው፣ ይጠማዘዛል።
(ሐኪሙ ጎበዝ ነበር። ስፌቱን ግን፣
እኔ ብሆን ቀጥ አደርገው ነበር፣ እላለሁ እስካሁን።)

ከጡት መያዣዬ አውጥቼ ከእጇ አኖርኩላት፣
ራሴ የሰፋኋትን፣ በጥጥ መሃል ማሽላ የሞላኋት፣
ትክክል እንድትከብድ፣ ነፋስ እንዳያነሣት።
ሰባት ዓመት ደሴን ዞሬባታለሁ፤ ማንም አላወቃት።
ጦይባ መዘነቻት። ቆርቆሮውን ዝናብ ደበደበው።
«የቃሉ ማሽላ ነው?» አለች።
                         «የቃሉ ነው።»

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተሰለፍን፣ ዳቦ በፌስታል ይዘን፤
የካርድ ክፍሉ ሰው ስሟን ሁለቴ አሳስቶ ጻፈው፣ ሁለቴ አሰረዝን።
ወጣቷ ሐኪም ቀዝቃዛ ቅባት ቀባቻት፤ በስክሪኑ
የጦሳ ጉም መሰለ፤ ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ጠጠር፣ ካንድ ጎኑ።
በመርፌ ናሙና ወሰደች። «ብዙው እብጠት ካንሰር አይደለም፤
ይሄኛው የቱ እንደሆነ ግን ሳላይ አልገምትም።
ከሆነም፣ ዛሬ መምጣትሽ…» ብላ ጓንቷን አወለቀች፤
ቀሪውን አልጨረሰችም፤ ቀጠሮ ጻፈች።

«ዱዓሽን አድርጊ፣» አልኳት፣ ባጃጅ ስንጠብቅ፣ «እኔም ለእመቤቴ ጧፍ አበራለሁ፤
ማክሰኞ ሳምንት ግን ውጤቱ ነው። በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ዛሬ ሰኞ ነው።
ከደረት፣ ከወገብ፣ ከዳሌ አጠገብ፣ ካሉት ዓምዶች ኋላ፣
አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ዳብሰሻል ወይ?» የሚል፣ በቀይ ቀለም፣ ጎላ።
አንዷ አኩርፋ ሄደች። አንዷ ጠዋት ተመለሰች፣ እህቷን አስከትላ።

ቀሚሱ አልቋል። ሐምራዊው ተሰቅሏል ከግድግዳ።
በግራው ብብት ከውስጥ ሁለት ጣት ጨርቅ አጥፌአለሁ፣ በመቀስ ሳልጎዳ፤
ቢጠብ ይለቀቃል፣
ቢሰፋ ይሰበሰባል።