ስለ አንድ ገጽ ፈቃድ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ፣ ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ተቀመጥኩ፣ የሰው በደል ስደረድር።
የጽሕፈት መኪናዬ «ሀ» ተሰብሮባት «ሐ»ን ትበደራለች፤
ከእኔው ጋራ አርጅታ፣ ከእኔው ጋራ ታስላለች።

ማለዳ ነው፤ ሐሩሩ ገና ከዚራን አልያዛት።
ሚስራ ዩያ መጣች፤ አልቀመጥም አለች በርጩማ ብስባት።
ፌስታሏን ፈታች፤ ግልባጮቹ ላብ ጠጥተዋል፤
ክሱም የመልስ መልሱም የኔው ነው፣ ጣቴ ያውቀዋል።

ከሳሽ፣ ሚስራ ዩያ። ተከሳሽ፣ ዘርጋው ድንበሩ፤
የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ደቻቱ ዳር ነው ሰፈሩ።
ጉዳዩ፣ የግንብ አጥር፤ የተገፋ ግማሽ ክንድ።
ያኔ ቀልጄ ነበር፣ ስሙን ስለቅም በአንድ በአንድ፦
«ድንበሩ የሚባል አባት፣ ልጁን ‹ዘርጋው› ካለው፣
እኔን የሚገርመኝ ግንቡ ባይገፋ ነው!»
እሷ አልሳቀችም።

ዛሬም አልሳቀች። «አንድ ገጽ ጨምርልኝ።»
«ግራ ቀኙ ተሰምቷል፤ መዝገቡ ለፍርድ አድሯል፤
ከእንግዲህ ቃል መጨመር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃድም ምክንያት ይሻል።
ለምን ዘገየ ይላሉ። ለምን ያኔ አልተነሣም?»
«አቦ፣ አንተ ጻፈው! ምክንያቱን አላጣም።»

ወረቀት አጎረስኳት፤ ሦስት ግልባጭ፣ ሁለት ካርቦን፤
እንደ ዳዊት የለመድኩትን መድገም ጀመርኩ፦
«ከሳሽ ከአቅም በላይ በሆነ ችግር ሳትገልጸው የቀረችውን
ተጨማሪ የጽሑፍ ክርክር እንድታቀርብ፣ ይፈቀድላት ዘንድ...»
እጇን መኪናዬ ላይ ጫነች፤ «ይሄ ውሸት ነው» አለች፤
«ከአቅሜ በላይ አልነበረም። ተናድጄ ነው» አለች።

«የጎርፉ ሌሊት፣ ደቻቱ እንደ ባቡር እየጮኸ ሲመጣ፣
የጓሮው አጥር ተገርስሶ፣ ውኃው አልጋዬ ላይ ሲወጣ፣
ኢልሃምን ከቁምሳጥኑ አናት ያወረዳት ዘርጋው ነው።
በነጋታው ባሌ ሙመዴ፣ ጭቃው ላይ ቆሞ እጁን ያዘው፤
‹ግማሽ ክንድ ወደ እኔ ግባ፤ ግንብህን አወፍረው፤
ያ ውኃ ሲመለስ፣ ለሁለታችን ነው።›
በመስኮት ሰምቻለሁ።
ሙመዴ ሞተ። ወረቀት የለም። ምስክሩ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እሱ በመልሱ ላይ ለምን አላነሣው?»
«ልጅሽን አወጣሁልሽ ብሎ ይጻፍ? ሰው እኮ ነው፤ ያፍራል።»

ደረሰኝ የረሳ፣ ምስክሩ የጠፋበት፣ ካርታ ያገኘ፣
ለስንቱ ፈቃድ ለመንኩ! ሁሉም ሊጨምር የተመኘ።
ሊቀንስ የመጣ ግን፣ በዚህ ዛፍ ሥር አላየሁም።
«ትረቺያለሽ» አልኳት።
«ግማሽ ክንድ ናት፤ መቃብሬም አይወጣትም።»

ያችን ገጽ መዝዤ፣ ጨምድጄ ጣልኩና፣
«የዘገየሁበት ምክንያት፣ ቁጣ» ብዬ ጻፍኩ እንደገና።
ለቁጣ አንቀጽ የለውም ሥነ ሥርዓቱ፤ አውቃለሁ።
ቀጥሎ «ሐቁ ግን» የሚለው ላይ ስደርስ፣
መኪናዬ ፊደሏን አልተበደረችም፤
«ሐ»ው የራሱ ቤት ነበር።

ዳኛዋ ሁለቴ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፦
«ይህ የሚጠቅመው ተከሳሽን ነው፤ ገብቶሻል?» ብለው ጠየቁ።
«ገብቶኛል።»
ከኋላ ወንበር ላይ ዘርጋው፣ ቆቡን በጉልበቱ ይዞ፣
ወለሉን ያያል፣ እንደተያዘ ሌባ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ፈዞ።
ፈቃዱ መርምሮ ለማዘዝ፣ ለጥር አሥራ ስድስት ተቀጠረ።

በሩ ላይ ሐሩሩ ጠበቃቸው። ቃል አልተነጋገሩም።
አንድ ባጃጅ ቆመ፤
አንድ ሰፈር ናቸው፣ ሁለት ሒሳብ አይከፍሉም።