ሁለት ጣት

ኩታይሲ፣ ጥቅምት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዝናብ መስኮት ሲያጥብ፣ መብራቱ እንደ ፀሐይ፣
እኔ ላማራ ነኝ፣ መንጠቆ ያዢዋ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የቢላ ጎረቤት፣ የፋሻ ቆጣሪዋ።

ሚንዲያ ተኝቷል። ቆርቆሮ መቺ ነው፤
በጥምቀት ሰሞን ነው ጣራ የጣለው።
አንጎሉ ሲያብጥ አጥንቱን አነሣን፣ ጥቂት እንዲተነፍስ፤
ዘጠኝ ወር ከረመ በሰረጎደ ራስ።

ዛሬ ቲታንየሙ እንደ ቁልፍ ገጠመ።
ኦታር ፈገግ አለ፤ ቆዳውን ወደ ጠርዙ ሲያመጣ ግን ፈገግታው ቆመ።
ሁለት ጣት ይጎድላል።
ቆዳ አጥንት አይጠብቅም፤ ጎረቤቱ ሲሄድ
ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ያጥራል ሳይናገር፣ ሳይወድ በግድ።

«እንሳበው» አለ ጊጋ፣ ገና ሁለት ዓመቱ፣
«በወፍራም ክር ሰፍተን እንጨርስ» አለ፣ አለቀና ትዕግሥቱ።
ኦታር ቀና አላለም።
«የሳብኸው ይመጣል፤ ደሙ ግን አይከተልህም፤
በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ ይነግርሃል፤ እኔ አልነግርህም።»

ቆዳውን ገለበጠው። ከሥሩ ያለው ሽፋን
ነጭ ነው፣ እልኸኛ ነው፤ ውጥረት የሚያድረው እዚያ መሆኑን
ፀጉር አበጣሪ አያውቅም።
በቢላዋ ጫፍ ብቻ አንድ መስመር ሠራ፣
እንደ ተማሪ ደብተር፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
ከመስመሩ ጀርባ የሚፈሰውን ቀጭን የደም ሥር እየፈራ።
ቆዳው ሰጠን፣
በአንድ መስመር አንድ የስንዴ ቅንጣት።

እኔ በመንጠቆው ያዝሁ። አልሳብሁም። ያዝሁ።
መያዝና መሳብ አንድ አይደሉም፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ዘገየሁ።
(ልጄን እንዲህ ይዣት ቢሆን፣ አልሁ በልቤ፤
ከባቱሚ ከደወለች ሁለት ፋሲካ አልፏል።)
ጊጋ ሰዓት አየ። አሥር ደቂቃ። ክንዴ ዛለ።
ቆዳ እንደ ኩሩ እንግዳ ነው፤ ሲጎትቱት ይቀራል፤
ቦታ ስንለቅለት ግን ራሱ ጠጋ አለ።

በመጀመሪያ የውስጡን ሰፋ፣ ሸክሙ ለውስጡ ይሁን ብሎ፤
ላይኛውን ግን አስጠጋው ብቻ፣ ክሩን እንደ ፀጉር አቅልሎ።
ከዚያ በስፌቱ ዳር ጣቱን ጫነ።

ነጣ።

አነሣ። በሆዴ ቆጠርሁ፤ አንድ።
ጊጋ ትንፋሹን ዋጠ። ሁለት።

ቀላ።

ማንም አላጨበጨበም። ኦታር ጓንቱን አወለቀና
ሻይ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀ።

ምድር ቤት እኅቱ ጺያላ ቆማለች፤ በእጇ የሱፍ ቆብ፣
ለዚያ ስርጉድ ልክ የሠራችው፣ ግራ ጎኑ በጥጥ የታጨቀ፣
ሰው በገበያ እንዳያይበት።
አልጋው ሲያልፍ ፋሻውን አየች፤ ክብ ነው።
ቆቡን አየች።
በመዳፏ ጥቂት ለካች፣
ቁጭ አለች፣
ጫፉን በጥርሷ በጠሰችና
ትፈታው ጀመር።