ተጠየቅ

ሽምብጥ፣ ከባጃጅ ጋራዡ ጀርባ፣
መብራት ሹልክ ብሎ ወጥቶ ሹልክ ብሎ ሲገባ፣
ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ባትሪው አርባ ከመቶ፣
ችሎት ቆሜያለሁ ሰፈሩ ተኝቶ።

ዳኛዬ ፕሮግራም ነው፤ ካባ የለው፣ መዶሻ፣
አያውቅ መማለጃ፣ አያውቅ እጅ መንሻ፤
የማን ልጅ ነሽ አይል፣ አገርሽ የት አይል፣
"ግልጽ ነው" ብዬ ባልፍ፣ "ለማን ግልጽ?" ይላል።
"ሺህ ጊዜ ሞክሬው ሺህ ጊዜ ሠርቷል" ስል፣
"ሺህ አንደኛውሳ?" ብሎ ይመልሳል።
ተጠየቅ ባይ እኔ፣ ተጠያቂም እኔ፣
ዳኛው አይራራ፣ አይፈራ ኩነኔ።
ከሐይቁ በኩል ጉማሬ ያጉረመርማል፤
ማንን እንደሚከስ እንጃ።

የኔ ክስ እንዲህ ነው፦
አገር በነጻ የሚወስደው፣ የጋራ የሆነ ቁልፍ፣
የይለፍ ቃል ሲያመሳክር ፊደል በፊደል ሲያልፍ፣
ያልገጠመው ላይ ሲደርስ እዚያው ይቆማል፤
ቶሎ ከቆመ ሌባው ሩቅ ነው፣ ከዘገየ ቀርቧል።

ጎረቤቴ ጋሽ ዋሴ መረብ የት እንደሚጥል
ለሚስቱም አይነግር።
ግን ታንኳው ስንት ሰዓት ወጣ፣ በስንት ሰዓት መጣ፣
ወደቡ ላይ የሚቆጥር አንድ ሥራ ፈት ካለ
ምስጢሩ ወጣ።
አፍ ቢዘጋ
ሰዓት ያወራል።

ሦስት ወር። አሥራ ሁለት መስመር።
ቁልፉ ቢገጥምም ባይገጥምም እኩል እንዲዘገይ።
መጻፉስ ባንድ ምሽት አለቀ፤
የቀረችው "ሁልጊዜ" የምትል አንዲት ቃል ነበረች፣
ለማናቸውም ፊደል፣ ለማናቸውም ርዝመት፣
በመሐላ ሳይሆን በማስረጃ የምትጸና።
ባዶውን ቃል ረስቼው ነበር፣ ምንም ያልተጻፈበትን።
ዳኛው አልረሳውም።

እናቴ የቆሮሶ ቅርፊት እየፋቀች፣
"ደሞዝ አለው?" የለውም።
"ባለቤቱ ማነው?" ማንም።
"ታዲያስ?" አለች፤ ቢላዋዋ አላቆመም።
ቀን ቀን የዱቄት ፋብሪካ የደረሰኝ ፕሮግራም እጠግናለሁ፣
እሱ የቤት ኪራይ ነው፣ እማ፤
ሌሊቱ ግን የማንም አይደለም አልኳት።

አባቴ ችሎት ያውቃል።
ወራሚት ሦስት ጥማድ፣ የአያት የቅድመ አያት፣
መዝገብ ቤት አድራ አንድ ሆና አገኛት፤
በዚያው ቀለም፣ በዚያው እጅ።
አሥራ አንድ ዓመት ተመላለሰ ከደጅ ደጅ።
በመጨረሻው ቀን እንደ ድሮው ወግ ብድግ ብሎ፣
ነጠላውን አደግድጎ "በላ ልበልሃ!" ቢል፣
ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው፣
"አቶ ልየው፣ ባጭሩ" አሉት።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ባትሪው ስድስት ከመቶ፣
"የቀረ ጥያቄ የለም" አለኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሞግቶ።
ሲነጋ ከማላውቀው አገር አንድ የማላውቀው ሰው
"ገብቷል" ብሎ ጻፈልኝ። ይኸው ነው።

አባቴን ሐይቁ ዳር ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፦
ቁልፉን፣ ከቁልፉም ሌላ ማኅተም እንዳለ፣
አንዲት ፊደል ብትነካ ተሰብሮ እንደሚጮህ፣
ሦስት አንድ ሲሆን ዝም እንደማይል።
እስከ ጫፉ ሰማኝ። እምቦጩን ነፋስ እየገፋው
ወደ ድንጋዮቹ ይጠጋል።
"ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር፤
ጥሩ፣ ዳኛ ተገኘ።
ግን ልጄ፣ ጸሐፊው በመጀመሪያዋ ቀን፣
ገና ብዕሩን ሲያነሳ ከዋሸስ?
ያ ዳኛሽ ምን ይላል?"

ምንም አይልም፣ አባ።
ውሸቱን ይጠብቀዋል።
ማንም እንዳይነካው አድርጎ።

አልሳቀም። የከዘራውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክሮ አወጣ።

ማታ መብራት ሲመጣ ሥራዬን መልሼ ከፈትኩ፣
ከአሥራ ሁለቱ መስመር በላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
የተረጋገጠ፦ እኩል መዘግየቱ።
ያልተረጋገጠ፦ መጀመሪያ የተጻፈው እውነት መሆኑ።
ጠያቂ፦ ልየው፣ ከወራሚት።