የማን ግራ?

ዌስትፖርት፣ ከድንጋዩ ግድብ በስተደቡብ፣
ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጭጋጉ ገና ሳይሰበሰብ፣
እንደ ቆዳ የሚጣበቅ ጥቁር የጎማ ልብስ አጥልቄ፣
ከቁመቴ የረዘመ ሰሌዳ በብብቴ አጥብቄ
ቆሜያለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው፣
የሲያትልን መታጠፊያ በእንቅልፌ የማውቀው፣
ግራና ቀኝ መተዳደሪያዬ፣
ግራና ቀኝ ደሞዜ፣
ዛሬ አንድ ውሃ ቢጠይቀኝ ጠፋኝ መልሱ፤
ግራ ገባኝ ይባል የለ? እኔን የገባኝ ራሱ
ግራው ነው።

አስተማሪዬ አይኖ ትባላለች፤
አያቶቿ ከፊንላንድ፣ እሷ ከዚሁ ወደብ።
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ክራብ ስታጠምድ የኖረች፣
ጣቷ እንደ ገመድ የከረረ፣ አንደበቷ ቁጥብ።
ስሟ ለኛ ጆሮ «ዓይን» ነው፣ አንድ ድምፅ የተረፈው፤
ይህንን ብነግራት ሳቀች፤
«እንግዲያው አንዱን ላውስህ፤
ያንተማ አያይም።»

«አትቁጠረው፤ አንብበው» አለችኝ።
«ከሌላው ቀድሞ የሚያብጠውን ጫፍ ፈልግ፣
እንደተቆጣ ሰው ግንባር የሚቋጠረውን።
ከዚያ ትከሻውን እይ፤ በየት በኩል ያዘቀዝቃል?
በዚያው በኩል ሂድ። ሌላ የለም።»

ሌላ የለም አለች እንጂ ሌላው ብዙ ነበር።
አንዱ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ይዘጋል፣
እንደ ሱቅ ቆርቆሮ መዝጊያ፣ ጓ!
አንዱ ሊመጣ ይነሳና
ሐሳቡን ቀይሮ መልሶ ይተኛል።
አንዱ ደግሞ ሳላየው ደርሶ
አፌን ጨው፣ አፍንጫዬን አሸዋ ሞልቶ
ሰሌዳዬን ብቻውን ዳር ያደርሰዋል።
ፊደልማ ቆጥሬያለሁ። ፊደል ግን ቆሞ ይጠብቃል።
ይሄ «ሀ» ስትለው «ሰ» የሚሆን፣
«ሰ» ስትለው የፈረሰ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አሸዋው ላይ ቆማ ጮኸች፤
«ግራ! ግራ! ግራ!»
ዞርኩ በግራ።
ግድግዳው ተደረመሰብኝ።
ደግማ ጮኸች፤ ደገምኩ፤
ደገመኝ።

ውሃውን ከጉሮሮዬ ስተፋ ነው የበራልኝ፦
እሷ ፊቷን ወደ ባሕር፣ እኔ ፊቴን ወደ ምድር፤
የእሷ ግራ የእኔ ቀኝ ነበር።

ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለች።
«ሕጉስ በጋላቢው ግራ ነው፤ ስደነግጥ ይጠፋኛል» አለች።
ቆየት ብላም፣ ለኔ ሳይሆን ለጫማዋ፣
«ሮይም ይለኝ ነበር፣ ‹ዳር ቆመሽ አትንጂኝ›።»
ሮይ ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በሳምንቱ ገባች፣ ከነወገቧ ሕመም፣
ከነጉልበቷ እብጠት።
ሰሌዳዋ ላይ ጎኔ ተቀመጠች፤
ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ምዕራብ።
ቅዝቃዜው ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል፤
እሷ የፒያኖ መምህር ትመስላለች፣
እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ።

ከጭጋጉ ሥር አንድ ጥቁር መስመር ተነሳ።
በአገጯ ብቻ ጠቆመችኝ።
ጫፉ በስተደቡብ አበጠ፤
የሰሜን ትከሻው
ውሃ እንደሚያወርድ ጣሪያ ጋደል፣ ጋደል አለ።

«ግራ» አልኩ።
«የማን?»
«የሚጋልበው።»

ማንም አልጋለበውም።
እጄ ለመቅዘፍ እንኳ አልተነሳችም።
ከሥራችን ገብቶ ከፍ አደረገን፣ ዝቅ አደረገን፣
ከኋላችን ሄዶ ፈረሰ፣
ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ እንዳልኩት፣
አረፋው እንደ ዚፕ እየተከፈተ።
«ይቺን መውሰድ ነበረብህ» አለች አይኖ።
እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት
እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁሉም ቆርቆሮ ነበሩ።

ሰኞ፣ በዝናብ፣ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ
በመስተዋቴ ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ እጇን አነሳች፣
ውረጅ አለሁ ለማለት ይሁን ለሰላምታ እንጃ።
አረንጓዴው በራ፤ ከኋላዬ ጥሩንባ ተነፋ።
እኔ የትኛው እጇ እንደሆነ
ገና እያነበብኩ ነበር።