ውሃ ልክ

ከካላማ፣ ለወንድሜ ልጅ ለኤሊሴዎ

“ልምጣ ወይስ ልቅር?” ብለህ ጠየቅኸኝ፤
ፖስታህን ስከፍተው ሻጋታ ሸተተኝ፤
ያ ደሴት ቺሎዌ፣ ዝናብ የማይለቀው፣
ወረቀት ውስጥ ገብቶ ጣቴን አረጠበው።

ደሞዙን ነግረውሃል፤ አልደግመውም እኔ፤
ያልነገሩህን ነው የምትሰማው ከኔ።

ከአውቶቡስ ስትወርድ አትሩጥ፣ ቀስ በል፤
ከተማው ከፍ ያለ ነው፣ ደረት ይይዛል።
በሦስተኛው ሌሊት አፍንጫህ ይደማል፤
ትራሱን ገልብጠው፤ ሁሉም ይለምደዋል።
የታጠበ ሸሚዝ ገመዱ ጋ ሳይደርስ
ክንዴ ላይ ይደርቃል። እንባም እንዲሁ ነው፣ ጉንጭ አልፎ አይፈስ።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፤
የበሩ ስር ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል፤
አቧራው ግን ብልህ ነው፣ በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ
ስኳር ዕቃ ውስጥ ያድራል፣ ስኳር መስሎ ተኝቶ።

ወንዝ አለን፣ ሎአ ይባላል፤ በጠዋት ሄደህ እየው፤
አንዱን ዳር ቆመህ ብትዘል ሌላው ዳር ላይ ነህ ያው።
ቀድሞ የሚጠጣው መዳቡ ነው፤ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤
ከሰውም በኋላ ውሻ፣ ከውሻም በኋላ ዛፍ ይመጣል።

ክፍል አከራያለሁ፤ ዋጋውን አልደብቅህ፤
ዘመዴ ነህ ብዬም አንዲት ሳንቲም አልቀንስልህ።
አልጋው የሁለት ሰው ነው፦ ባልታሳር ከማዕድኑ
ሌሊት ሠርቶ ሲመለስ፣ አንተ ትወጣለህ በቀኑ፤
ለወራት ከአንድ ሰው ጋር አንሶላ ትጋራለህ፣
ፊቱን በቅጡ ሳታየው ሙቀቱን ታውቃለህ።

“ሰባት ቀን ሥራ ነው፣ ሰባት ቀን እረፍት” ይሉሃል፤
እውነት ነው። ግን መንገዱ ከእረፍቱ ላይ ይበላል፦
ሁለት ቀን ወደ ደሴት፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፤
የቀረችህን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነው የሚጨርስ።
ኦርቴንሲያን ጠይቃት። መጠየቅ ስል ደግሞ
ቁርጡን ነግሮ መውጣት አይደለም፣ መስማት ነው ዝም ብሎ ቆሞ።

ገንዘቡ ይመጣል፣ በዚህ አልዋሽህም።
ባልታሳር ቀይ ፒክአፕ ገዛ፤ ግን አይነዳውም፤
በሸራ ሸፍኖት ደጄ ላይ ቆሟል፤
“ወዴት ልንዳው?” ይለኛል፤ ጨርቅ ይዞ ይወለውላል።

ሬሚሂዮ፣ ባሌ፣ እዚሁ ተቀብሯል፤
መቃብሩ ላይ የወረቀት አበባ ተሰክቷል፤
የእውነቱ አበባማ እስከ ምሳም አይቆይ፤
የወረቀቱንም ቀለም ይበላዋል ፀሐይ።
ሲያስል ነው የሞተው። ኩባንያው “ትንባሆ ነው” አለ፤
ትንባሆ አንድም ቀን ከከንፈሩ ላይ አልዋለ።

ጣራችን ዝናብ አያውቅም፣ ለጥላ ነው የተሠራ፤
አንዴ ግን ዘነበ። ጎረቤት ሁሉ እየተጣራ
ድስት ሲደረድር፣ ፍራሽ ሲያሸሽ፣ እኔ መንገድ ላይ ቆምኩ፤
ሃያ ደቂቃ ብቻ።
አፌን ከፍቼ ቆምኩ።
ልብሴ ገላዬ ላይ ሲጣበቅ፣ ሬሚሂዮ ከበር ሆኖ
“አብደሻል!” አለኝ፤ ሳቀብኝ፣ በሳሉ መሃል ታፍኖ።

አንተ አናጺ ነህ፤ ጀልባ ነው ያሳደገህ።
እዚህ ጀልባ የለም፤ ሳጥንና በር ነው የሚጠብቅህ።
መጋዝህን ተወው፣ ኩባንያው ይሰጥሃል፤
ውሃ ልክህን ግን ያዝ፤ እሱ ያስፈልግሃል።
መስታወቱ ውስጥ ያለች ያቺ አንዲት አረፋ
መሃል ላይ ስትቆም፣ ሲቀና የጠፋ፣
አስበኝ፤ የዚህ አገር ሰው ሚዛኑ እሷ ነች፤
ውሃም ልክ አላት እዚህ፣ ልክም ውሃ ነች።

ና አልልህም። ቅርም አልልህ።
ብቻ ከመጣህ አንድ ነገር ላስቸግርህ፦
ለዓሣ ስትወጣ የምትለብሰውን ያን ከባድ የዝናብ ካፖርት
ሳታጥበው አምጣልኝ፣ ከነጨው፣ ከነሽታው፣ ከነእድፉ እንዳለበት።
እስክትደርስ ይደርቃል። አውቃለሁ።
በሬ ላይ እሰቅለዋለሁ፤
ማታ ማታ፣ ንፋሱ ሲተኛ፣
ኪሱ ውስጥ እጄን እከታለሁ።